ሱሪ ሊያሰፉ የመጡት መምህሬ

ባለፈው ወር ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል፣ ከኋላ ወንበር ያለ አንድ ልጅ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቷል። ተማሪ ክፍል ውስጥ መተኛቱ ለእኛ ለመምህራን አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከምሳ በኋላ በሚሰጥ ትምህርት ላይ ሁሉም ነቅቶ ቢገኝ ነው የሚያስገርመው። የዚህኛው ልጅ እንቅልፍ ግን ይለይ ነበር። እስክሪብቶው ገና ከጣቶቹ መካከል አልወደቀም፤ ጽሑፉ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ተንሸራቷል። አጠገቡ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሰም ሲያደርገው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «አወጣሁት! አወጣሁት!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ምን እንዳወጣ የገባኝ ቀረብ ስል ነው። ከጆሮው ሥር ዱቄት ነበረበት። ልጁ ዳቦ ቤት ነው የሚያድረው።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጠርቼ ጠየቅሁት። «ሳጠና አምሽቼ ነው ቲቸር» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። አልተቆጣሁትም፤ ልቆጣውም አልችልም ነበር። ይህችኑ ውሸት በዚህችው በአምቦ ከተማ፣ በዚያው ዕድሜ፣ እኔም ተናግሬያታለሁና።

ውድ አንባብያን፣ ጉዳዩ የአንድ ልጅ ብቻ ስላልሆነ ከራሴ ልጀምር።

እኔ የሸነን ልጅ ነኝ። ሸነን ከአምቦ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በጅባት በኩል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1987 ዓ.ም. ለዘጠነኛ ክፍል አምቦ ስመጣ እንደማንኛውም ከሩቅ እንደሚመጣ ተማሪ ስንቄን ይዤ ነው የመጣሁት፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ትንሽ የጤፍ ዱቄት፣ በጠርሙስ የተሞላ ቅቤ። ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር በወር 30 ብር አንድ ክፍል ተከራየን። አባቴ እህል ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ስለነበር በየወሩ በአይሱዙ ሹፌሮች እጅ ስንቅም የኪራይ ገንዘብም ይልክልኝ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ታመመና ወደ አኼራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። እናቴ ከአራት ልጆች ጋር ቀረች። ከአራቱ ትልቁ እኔ ነበርሁ።

ከተከራየንበት ቤት ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። መጀመሪያ የገባሁት ቁልፍ ልተክል፣ እጥፋት ልዘመዝም፣ የከሰል ካውያ ላቀጣጥል ነው። በሁለት ወር ውስጥ እግር መኪናው ላይ ተቀመጥሁ። ደሞዝ አልነበረኝም፤ ክፍያው በቁጥር ነው። ለተዘመዘመ ሱሪ 25 ሳንቲም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሰፋሁት 1 ብር ከ50።

ስለዚህ የቁጥር ክፍያ ነገር ጥቂት ልበል፤ ብዙ ወላጆች ልብ የሚሉት አይመስለኝምና። በሰዓት ወይም በቀን የሚከፈለው ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል። በቁጥር የሚሠራው ግን መነሻ ሰዓት የለውም። አንዱን ሱሪ ሲጨርስ ሌላው ተቀድዶ ከፊቱ ተቀምጧል፤ አንድ ብቻ ልጨምር ይላል፤ ያቺ አንድ ደግሞ የነገ ምሳ ናት። ማንም ሥራ ብሎ አላስገደደኝም። ያስገደደኝ ቁጥሩ ነው። ደብተር ደግሞ እንደዚህ አይጣራም፤ ዛሬ ባታነብበው ዛሬ የሚቀርብህ ነገር የለም፤ ዕዳው የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው።

ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነበር የሚያስተምረው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ፈረቃው ባይኖር ኖሮ እኔ ሥራም ትምህርትም አይኖረኝም ነበር። ግማሽ ቀኑ የመምህሩ፣ ግማሽ ቀኑ የልብስ ሰፊው ሆነ። (ከሰዓት ፈረቃ ስንሆን ዓርብ ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለመድረስ የነበረው ሩጫ ራሱን የቻለ ነገር ስለሆነ እተወዋለሁ።) ችግሩ ቀኑ ለሁለት መከፈሉ አልነበረም። ችግሩ የልብስ ሰፊው ዓመትና የተማሪው ዓመት ተስማምተው አለማወቃቸው ነው።

መስከረም ለተማሪ መጀመሪያ ነው፤ ለልብስ ሰፊ ግን የአዝመራ ጊዜ ነው። የከተማው ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም ያሰፋል። ቡናማው ካኪ በጥቅል ይመጣል፤ ወላጅ ደጅ ላይ ቆሞ ይጮኻል። በ1989ም በ1990ም ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ክፍል የገባሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የክፍል ጓደኞቼ እኔ የሰፋሁትን ሱሪ ለብሰው እኔ የሌለሁበት ክፍል ውስጥ ይማሩ ነበር። የሒሳብ መጽሐፍ ደግሞ እንደ ታሪክ መጽሐፍ ከመካከል አይጀመርም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ያመለጠው ሰው ሁለተኛው ላይ ቢቀመጥም ቀሪ ነው።

1990 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበርሁበት፣ ማትሪክ የምፈተንበት ዓመት ነው። ያ ዓመት ለልብስ ሰፊ የተመቸ፣ ለልብስ ሰፊ ተማሪ ደግሞ የከፋ ነበር። ረመዷን የገባው ታኅሣሥ 22 ግድም ነው። ታኅሣሥ 29 ገና፤ ጥር 11 ጥምቀት፤ ከጥምቀት አሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ዒድ። ከዚያ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና። ይህ ሁሉ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ለባሹ እየሳቀ ይናገረዋል፤ ሰፊውን ግን አያስቅም። ሱሑር በልቼ፣ ሱብሒ ሰግጄ መኪናው ላይ እቀመጣለሁ፤ ከትምህርት ቤት መልስ እቀመጣለሁ፤ አፍጥሬ እንደገና እቀመጣለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት የተነሣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የሚያሳፍረኝ ግን ድካሙ አይደለም። ድካሙን ለማስቀጠል የዋሸሁት ውሸት ነው።

አሠሪዬ «የማትሪክ ተፈታኝ መኪናዬ ላይ አላስቀምጥም» የሚል ሰው ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ፈተና ደረሰብኝ ብሎ በሥራ መሐል ጥሎት ስለሄደ ነው። ስለዚህ እኔ «አሥራ አንደኛ ነኝ፤ ክፍል ደግሜያለሁ» አልሁት። ለትምህርት ቤቱ ደግሞ የቀረሁ ቀን ሁሉ እናቴን አሳምማታለሁ። ምስኪን እናቴ በዚያ ዓመት በእኔ አፍ ያልታመመችው በሽታ የለም። ሁለቱ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው እንዳያውቅ መጠበቅ ራሱ ሦስተኛ ሥራ ሆነብኝ።

ጥር 8 ቀን ከመግሪብ በኋላ ነው። አፍጥሬ መኪናው ላይ ተቀምጫለሁ። መብራት ጠፍቶ ማሾ ተለኩሷል። ከሦስት ቀን በፊት ለክፍል ኃላፊያችን፣ የሒሳብ መምህራችንም ናቸው፣ «እናቴን አሟት ሸነን ልሄድ ነው» ብዬ አስፈቅጃለሁ። አንድ ሰው ጨርቅ በላስቲክ ይዞ ገባና «ለጥምቀት ይደርስልኛል?» ብሎ ጠየቀ። ድምፁን ሳውቀው እግሬ መርገጫው ላይ ደረቀ።

አሠሪዬ ከሚቀድደው ጨርቅ ቀና ሳይል «አንተ ልጅ፣ ልክ ውሰድላቸው» አለኝ።

ሜትሬን ይዤ ተነሣሁ። መምህሬ አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ጎንበስ ብዬ ወገባቸውን ለካሁ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ደግሜ ለካሁ። ሁለቱ ቁጥሮች አልተስማሙም። «ረጋ ብለህ አስተካክለው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት በሚሉበት ድምፅ። ቁመቱን፣ ጭኑን፣ የታችኛውን ስፋት ለክቼ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። ስጨርስ «እናትህ ተሻላቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

አሠሪዬ ቀና አለ። «እናቱ ምን ሆኑ?»

«ተማሪዬ ነው» አሉ መምህሬ። «ዘንድሮ ማትሪክ ይፈተናል።»

አሠሪዬ መቀሱን አስቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ያ የሄደብኝ ልጅ ፈተና አለብኝ ቢለኝ እኮ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። የከፋኝ መሄዱ አይደለም፤ የዒድ ዋዜማ አርባ ልብስ ጥሎብኝ መሄዱ ነው። አንተም እንዲሁ ልታደርገኝ ነበር?» መልስ አልነበረኝም። እንዲሁ ላደርገው ነበርና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው የቆጨኝ። መምህሬ ከጠረጴዛው ላይ የልብስ መቅደጃውን ጠመኔ አነሡና የፈተናዎቹን ቀናት በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጻፉ። አሠሪዬ ቀኖቹን በጣቱ እየቆጠረ የራሱን ሥራ አሰበ። ከዒድ በኋላ ፈተናው እስኪያልቅ መኪናውን እንዳልነካ፣ ከዚያም እስከ ማትሪክ ድረስ ከዒሻ በኋላ እንዳልሠራ ተስማሙ። መምህሬ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በፊት ያመለጠኝን ምዕራፍ ሊያስጠኑኝ ቃል ገቡ፤ አደረጉትም። አምስት ወር ሙሉ ሊሆን አይችልም ብዬ የፈራሁት ነገር በአንድ ማሾ ሥር በሩብ ሰዓት አለቀ። ሱሪውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወገቡ ትንሽ ጠብቦ ነበር፤ መምህሬ ግን ዓመቱን ሙሉ ለበሱት።

ነገሩ ሁሉ ያለ ዋጋ የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። በደኅና ወር እስከ 60 ብር አገኝ የነበርሁት ወደ 25 ወረድሁ። 25 ብር ለእኔ ኪራይና ጉሮሮ ይበቃል፤ ሸነን ግን አይደርስም። ተከታይ እህቴ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ በሚቀጥለው ዓመት አምቦ መጥታ ዘጠነኛ እንድትገባ እኔ ነበርሁ ኪራይዋን የማጠራቅመው። «አንድ ዓመት ብቻ ትቆይ» ተባባልን። ዓመቱ ሳይሞላ ሰው ላከባት፤ ተዳረች። ዛሬ ሸነን ውስጥ የእህል መደብር አላት፤ የመንደሩን ሁሉ ዱቤ ያለ ደብተር በቃሏ ትይዛለች። ሒሳብ የማስተምረው ግን እኔ ነኝ። ስንገናኝ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለዚያ ዓመት ግን እርሷም አታነሣ፣ እኔም አላነሣ።

ሥራና ትምህርትን አንድ ላይ መያዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ በእነ ዳና፣ በእነ ጀማ ንጉሥ የቀራው ደረሳ ከአገሩ ወጥቶ በሸኹ ዘንድ ሲኖር፣ ቀን ማሳ እያረመና እንጨት እየለቀመ ማታ በእሳት ብርሃን ሉሁን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ችግሩ ከእኛ ይብስ እንደሆነ እንጂ አያንስም። ነገር ግን ለደረሳው አንድ ነገር ቀሎለታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሠራውና የሚያስተምረው ሰው አንድ ነው። ሸኹ ልጁ ስንት ሰዓት ሲያርም እንደዋለ ያውቃሉ፤ ማታ ቢያንቀላፋ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። የዛሬው ተማሪ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ጌቶች አሉት፤ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ የራሳቸው ይመስላቸዋል።

ብዙ ቆይቶ የኢማም አቡ ዩሱፍን ታሪክ ሳነብ ያቺ የጥር ምሽት ትዝ አለችኝ። አቡ ዩሱፍ በኩፋ ከተማ በድህነት ያደገ ልጅ ነበር። እንደሚተረከው እናቱ ጨርቅ እያጠበ ለሚያነጣ ባለሙያ ሥራ ታስገባዋለች፤ ልጁ ግን ከሥራው እየጠፋ ወደ ኢማም አቡ ሐኒፋ የትምህርት ክበብ ይሄዳል። እናቱ እየተከተለች ከክበቡ ታስወጣዋለች፤ እውነቷን ነው፣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። አቡ ሐኒፋ ራሳቸው የሐር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩና የቀን ገቢ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ስለ ትዕግሥት ሰብከው አላሰናበቱትም፤ ችግሩን ሲያውቁ ከኪሳቸው ደጎሙት። ያ ልጅ በሃሩን አል-ረሺድ ዘመን የዳኞች ሁሉ የበላይ ሆነ። እኔን ከታሪኩ የሚይዘኝ ግን ሹመቱ አይደለም፤ መምህሩ ልጁ ለምን እንደሚቀር ማወቃቸው ነው።

በማትሪክ ለዲግሪ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም፤ ለመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ በቃሁ። ዲግሪውን ቆይቼ እያስተማርሁ በክረምት ትምህርት አገኘሁ። እግር መኪና ቤቴ ውስጥ ዛሬም አለ። ወርና ደሞዝ አልገናኝ ሲሉ ክዳኑን አነሣለሁ።

ወደ ዳቦ ቤቱ ልጅ ልመለስ። የዛሬ ተማሪ ከእኛ ዘመን የሚብስ ፈተና ነው ያለበት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እየተሰጠ ነው። ከ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2 በመቶ፤ በ2016 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ስንቱ ተኝቶ አድሮ፣ ስንቱ ዳቦ ሲያወጣ አድሮ እንደተፈተነ ግን የሚነግረን ቁጥር የለም።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከመዝገብ አየሁ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል፤ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለውም ጊዜ እንዳይሠራ ይከለክላል። ዳቦ ደግሞ የሚጋገረው በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ሕጉን ይዤ ብሄድ ልጁ በማግስቱ ከሥራ ይወጣል፤ ኪራዩን የሚከፍልለት የለም። ዝም ብል ደግሞ ሰኔ ላይ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። ተኝቶ ሳየው ሌላውን ልጅ እጠይቃለሁ፤ ይኸው ነው የቻልሁት።

ትናንት ጠዋት ከሱብሒ መልስ እግሬ ወደ ዳቦ ቤቱ ወሰደኝ። ገና አልነጋም፤ የምድጃው ሙቀት እስከ መንገድ ይወጣል። ልጁ ረጅሙን የእንጨት መቅዘፊያ ይዞ ከምድጃው ፊት ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። «ቲቸር» አለ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

«አሥር ዳቦ ስጠኝ» አልሁት። ቆጥሮ ሰጠኝ፤ አሥራ አንድ ነበር። አንዱን መለስሁለትና ባለቤቱን እንዲጠራልኝ ለመንሁት። ልጁ መቅዘፊያውን እንደያዘ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ።

ባለቤቱ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣ። «አሰላሙ ዐለይኩም፤ ምነው፣ ዳቦው ምን ሆነ?» አለኝ።

«ዳቦውስ ደኅና ነው። ስለ ልጁ ነው የመጣሁት» አልሁት።

ደንበኛ ተሰልፎ ስለነበር ዛሬ ከመግሪብ በኋላ እንድመለስ ነግሮኛል። የፈተናውን ቀናት በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ።